ስንቅ የማይቀበል በር

ኅዳር 5 ቀን 1989 ዓ.ም.። እዚህ አገር እስረኛን የሚያበላው መንግሥት ነው።

ጌቾዬ፣ ካንተ ወዲህ በረዶ ሲወርድ ይኸው ሦስተኛው ነው። ከፍሌሚንግደን ፓርኩ ፎቅ አልለቀቅንም። ሊፍቱ አሁንም ይበላሻል። ሰናይት ቁመትህን ወርሳ ቁልቁል ታየኛለች። እኔ ቀን ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ማታ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። አትሳቅ። የምማረው የወንጀል ፍትሕ ነው፤ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ እስር ቤት። ልጅህ ስትሰማ፣ «ማሚ፣ ፖሊስ ልትሆኚ ነው?» ብላ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ። ያን ሁሉ ዓመት ታስረህ፣ ተፈትተህ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ስትሞት፣ ክስህ ምን እንደነበር አላወቅህም። ሰውን ማሰር ሕግ እንዳለው ለማየት ነው የተመዘገብኩት።

በመስከረም መምህራችን፣ እስረኛን የመመገብ ኃላፊነት የማን ነው ብላ ጠየቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። «የሚስቱ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ባለፈው ሳምንት እስር ቤት ሊያስጎበኙን ወሰዱን። ከአውቶቡሱ ስወርድ ዓይኔ ሴቶቹን ፈለገ። በሩ ላይ ማንም የለም። ዘንቢል የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ስም የሚጠራ የለም። ውስጥ ገብተን ወጥ ቤቱን አሳዩን። ድስቱ ደረቴ ድረስ ይደርሳል፤ የሚማስሉት መቅዘፊያ በሚያህል ብረት ነው። ሥጋ ለማይበላው ለብቻ፣ ስኳር ላለበት ለብቻ ይሠራል። ለሌባውም፣ ለነፍሰ ገዳዩም። ጓደኞቼ ሽታውን ጠልተው አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ። እኔ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም። ሰው ይህን አስቦ፣ ሕግ አድርጎ ጽፎ፣ በየቀኑ ይቀቅለዋል።

የእኛን በር አንተ ከውስጥ ነው የምታውቀው። ከውጭ ጠባቂው ሽሮውን በማንኪያ እየቆፈረ ወረቀት ይፈልግ ነበር። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስልኝ፣ በልተሃል፣ አለህ ማለት ነው። ሌላ መልእክት አልነበረንም። አንድ ቀን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ስንቋ የተመለሰባት ሴት ምን እንደምትሆን አይቻለሁ፤ እዚያው መሬት ላይ ትቀመጣለች። እኔ አልተቀመጥኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ አዲስ ወጥ ሠርቼ ሌላ እስር ቤት ሄድኩ፤ አልተቀበሉኝም። ሌላ ሄድኩ። በመጨረሻ አንዱ በር ስምህን ጠይቆ ተቀበለኝ። ከሰዓት ባዶው ወጣ፣ በጣት ተጠርጎ። ስትፈታ ብጠይቅህ «ቦታ ቀይረውኝ ነበር» ብለህ አለፍከው። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት አንዴ ገድዬህ አስነሥቼሃለሁ።

ከጉብኝቱ ስንመለስ መምህሯ አጠገቤ ተቀመጠች። የመስከረሙ መልሴ ቀልድ እንዳልነበረ ገብቷታል፤ ስለ እኛ በር ጥቂት ነገርኳት። ዛሬ ማታ ስለዚያ በር ለክፍሉ እንድናገር ለመነችኝ። እሺ አልኳት፤ ከዚያ ፈራሁ። በየትኛው እንግሊዝኛ? በእኔ ቢስቁ ግድ የለኝም፤ እዚያ መሬት ላይ በተቀመጡት ቢስቁ ግን አልችልም። ስለዚህ ትምህርቱን ልተው የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት መጥቼ ተራ ይዣለሁ። ሰናይት «ድሮፕ ካደረግሽው አላናግርሽም» ብላኛለች። ይህን የምጽፍልህ ጉልበቴ ላይ ነው።

ምሳ ዕቃው እዚህ ድረስ ተከትሎን እንደመጣ ታውቃለህ። ሰናይት የልብስ ቁልፍና መርፌ ታስቀምጥበታለች፤ ምን እንደሆነ አልነገርናትም። ከሌላው እንዳይቀየር ሥሩ ላይ በምስማር የጫርኩት ስምህ አልጠፋም። አሁን ስጽፍልህ ነው ትዝ ያለኝ።

ዛሬ ማታ ክፍል ይዤው ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምላቸዋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ፣ ባዶ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሙሉውን ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አላጣም። ካጣሁም ገልብጬ ስምህን አነባለሁ። እኔ እስካለሁ ያ ስም በር ላይ ሲጠራ ይኖራል።

ከፊቴ አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች። ከኋላዬ ላለው ተራዬን ሰጠሁት። አውቶቡሱ ቶሎ አይመጣም፤ ቤት ደርሼ ቁልፎቹን አራግፌ መመለስ አለብኝ። ልጅቷ ጨርሳ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ተራዬን መስጠቴን ሳታውቅ እየጠራችኝ ነው።

ወጣሁ።