ፊት ያለው ዜሮ

ራጅሻሂ፣ ከክሊኒኩ ኮሪደር

ውድ ልጄ ሻህሪያር፣

አትደንግጥ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እኔው ደንግጬ አንተን አትደንግጥ ማለት ምን ዋጋ አለው? ሚስትህ ቱሂና ደህና ናት። በኦፕራሲዮን የወለደችበት ቁስሏ እየደረቀ ነው፣ የዓሣ መረቅም ጠጥታለች። ያልደወልኩልህ አጠገቤ ስለተኛች ነው። በስልክ ጽፌ እንዳልልክ ደግሞ የስልኬን ደቃቅ ፊደል የምታነብልኝ እሷው ናት። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ዛሬ በባቡር ወደ ዳካ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሞክሌስ ሰጠሁት።

ለዚህ ክሊኒክ የሕፃናቱን ቁጥር የሚያወጣውን ፕሮግራም የሠራህ ሰሞን፣ ሩዝ እየበላን «ለምን አንድ፣ ሁለት ብሎ በተራ አይሰጥም?» ብዬህ ነበር።

«እማ፣ በተራ ከሆነማ ሌባው ሁሉ የሰው ልጅ ቁጥር ይገምታላ! ማሽኑ ዕጣ ይጥላል። ሁልጊዜ አራት አሃዝ፣ ማንም የማይገምተው» አልከኝ። ኮራሁብህ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

የልጅህ ዕጣ 0731 ነበር። ማሽኑ ፊት ያለውን ዜሮ ዋጠና 731 ብሎ አሳየ። ሲስተር ሊፒ በእጅ ማሰሪያው ላይ ስትገለብጠው፣ ማሰሪያው አራት ሳጥን አለው፣ አንዱ ባዶ ቀረባት። «ይሄስ ምን ጎደሎ ነው! ሰባተኛ ቀኑ አልደረሰ፣ ስም የለው፣ ቁጥሩም ይጉደልበት?» ብላ መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨመረችለት። 7310። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ለካ 7310 የሚባል ሌላ ወንድ ልጅ ተወልዷል።

ሁለቱም በወፍ በሽታ ቢጫ ሆነው፣ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ መብራት ሥር ተኝተው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቱሂና ቁጥሯን 7310 ብላ ስትሰጥ አንዱን አምጥተው አስታቀፏት። ከሰዓት የሌላዋ አራስ የሞይና እናት፣ ከፓድማ ወንዝ ማዶ የመጣች ምላሰ ስለታም ሴት፣ የልጅ ልጇን ልትቀበል ብትሄድ ማሽኑ «ይህ ልጅ ወጥቷል» አለ። ገብተው ቢያዩ ሌላ 7310 ተኝቷል። ዜሮው መዋጡን የኮምፒውተር ሠራተኛው ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ መጣችብኝ። «ይሄን ጥበበኛ የወለደው ያንቺ ቤት ነው አሉ?»

«አማቼ ነው፣ እህቴ።»

«እንግዲያ እጁ ይባረክ! ዜሮ የሚያስቀምጥበት ቢያጣ የልጅ ልጄን ዜሮ አደረገብኝ።»

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺ... ፊቱን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

አላውቀውም፣ ልጄ። የአያት ዓይን ይከብዳል ሲባል ነው ያደግሁት። ሲያሳዩኝ «ቱፍ ቱፍ፣ አስቀያሚ!» ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ሰባት ቀኑ ይሙላና እጠግበዋለሁ ብዬ። እሷም የራሷን የልጅ ልጅ እንደኔው አላየችውም። ቱሂናም ሞይናም ከሰመመናቸው ሳይነቁ ነው ልጆቹን የወሰዷቸው።

ሁለተኛውን ልጅ ለሞይና ሰጧት። ከሁለቱም ደም ተወስዷል፣ ውጤቱ ገና ነው። ሐኪሙ «ለእናቶቹ አትንገሩ፣ ወተታቸው ይደርቃል» አለን። ቱሂና እያጠባች «እማ፣ አፉን እዪው፣ ቁርጥ አባቱን!» ትለኛለች። ቀኑን ሳትጠብቅ በጆሮው ስም ማንሾካሾክ ጀምራለች። ብከለክላት እፈራለሁ፤ ብተዋትም እፈራለሁ። እኔ አልነካውም። ከለመድኩትስ?

ከሞይና እናት ጋር ተማምለናል። መለዋወጥ ከመጣ በሲስተር እጅ አይሆንም፤ እኛው አያቶቹ አቅፈን እናሻግራቸዋለን።

አንተ አትደውል፣ ና። ግን ከመነሳትህ በፊት ያንን ዜሮ ወደ ቦታው መልሰው። ሲስተሮቹ አሁንም የሚጽፉት በዚያው ማሽን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሴት እያማጠች ነው፤ ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ልጇ ደርሷል።

በጭንቅ የምትጠብቅህ አማትህ፣
ሮሻን አራ