የግመል ወተት ስላጠጣሽኝ

አስካለ፣

የግመል ወተት አጠጣሽኝ። የላም ነው ብለሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ኩባያዬ የግመል ወተት አጠጣሽኝ። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ከዚህ ሌላ በደል ፈልጌ አላገኘሁብሽም፤ ይህ አንዱ ግን ለሁሉም ይበቃል።

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ፊደል ጠፍቶኝ አይደለም። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ሥጋ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ የለቀምኩት ፊደል እስካሁን አልከዳኝም። የዘገየሁት ንዴቴ ይብረድ ብዬ ነው። አልበረደም። እንግዲህ እንደጋለ እጽፈዋለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። አስለውጥ እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽውን፣ በጓዳ በኩል የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ባለፈው ክረምት አስለወጥኩት። የጓሮሽ ቃሪያ ደረቀ። ሳላጠጣው ቀርቼ አይደለም፤ አብዝቼ አጠጥቼ ነው የገደልኩት። ቀበሌው የስኳር ራሽንሽን ሰረዘ። ስኳር እንደማልቀምስ እያወቁ የእኔን ትተው የአንቺን ሰረዙ። ሄጄ ተቆጣኋቸው። «ጋሽ ገብሬ፣ ሟች ስኳር ይበላል እንዴ?» አለኝ ጸሐፊው። «እኔስ እበላለሁ እንዴ?» ብዬው ወጣሁ።

እኔ ማን እንደነበርኩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ጅግጅጋ ውስጥ የክርስቲያን ሉካንዳ ከተባለ የእኔ ነው። የሙስሊሙ ሥጋ ከመንገዱ ማዶ፣ የክርስቲያኑ ከመንገዱ ወዲህ፤ ቢላው ከቢላው፣ መክተፊያ ግንዱ ከግንዱ እንዳይነካካ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ከግዝፈቴ የተነሣ በበሩ ስገባ ጎኔን ሰጥቼ ነበር የምገባው። ጥሬ ሥጋ ፊት ስቀመጥ ሰው ሥራውን ትቶ ያየኝ ነበር። የግመል ነገር ደግሞ ሥጋውም ወተቱም ለእኛ ነውር መሆኑን በከተማው ውስጥ እንደ እኔ አጥብቆ የተናገረ የለም። ወተት ሻጯ ሐዎ ከሉካንዳዬ ፊት ለፊት የግመል ወተቷን ይዛ ስትቀመጥ «ከበሬ ራቂ» እያልኩ ያላስነሣኋት ቀን አልነበረም። «እሺ አዴር» ትለኛለች፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቷ ነው። ዕቃዋን አንሥታ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። በማግስቱ ያው እዚያው ናት። አንቺ ደግሞ ከኋላዬ ጨው ትሰጫት፣ ልጇን ትይዢላት ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከዚያ ደም አስታወከኝ። በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ራሴን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ካራማራን ስንሻገር፣ «ቀስ በል አንተ፣ የጫንከው ሰው ነው፣ ድንች አይደለም» እያልሽ ከሾፌሩ ጋር ስትጨቃጨቂ ይሰማኝ ነበር። ሐረር ላይ የውጭ አገሩ ሐኪም ሆዴን ቀደደው። ስነቃ በሚያስተረጉምለት ነርስ አፍ እንዲህ አለኝ፤ «ከጨጓራህ ግማሽ የሚበልጠውን ቆርጠን አውጥተናል። ከእንግዲህ እንደ ሕፃን ነህ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብላ።» «ሕፃን አይደለሁም ብለህ ንገረው» አልኩት ነርሱን። ነርሱ አልተረጎመውም። አንቺ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ሳቅሽ።

ጅግጅጋ የተመለሰው ሌላ ሰው ነው። ቀበቶዬን በወስፌ ስበሳ፣ ስበሳ፣ ጫፉ ወገቤን ዞሮ ጀርባዬ ላይ ደረሰ። የማያውቀኝ ሰው ያልፈኛል፤ የሚያውቀኝ ከንፈሩን ይመጥጥልኛል። ከከንፈር መጠጣው ይልቅ ማለፉ ይሻለኝ ነበር። መጥረቢያ ማንሣት አቃተኝና በርጩማ ላይ ተቀምጬ መሸጥ ጀመርኩ። የእድራችን ሰዎች አንድ እሑድ ድንኳኑን ዘርግተው ሲጠግኑ አየሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አንቺ ትሪዬን ደብቀሽ በሲኒ ማስቀመጫ አቀረብሽልኝ። ሰው ሁሉ እንዲስቅብኝ ነው ብዬ ወረወርኩት። ለቅመሽ፣ አጥበሽ፣ በዚያው መልሰሽ አቀረብሽልኝ። «አላምጥ» ትይኛለሽ። አላመጥኩ ስልሽ «ገና አላምጥ» ትይኛለሽ። ከእህል ጋር ውኃ ከለከልሽኝ። ቸኩዬ ከዋጥኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይጋልባል፤ ያኔ ትራስ ታስተካክዪልኛለሽ። የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ላይ የሙሽራው አባት ጭብጥ የሚያህል ጉርሻ ሲዘረጋልኝ እጁን መለስኩት። ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። «ንቀኸኝ ነው ገብሬ?» አለኝ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ። አንቺ መሐል ገብተሽ አፍሽን ከፈትሽና የእኔን ጉርሻ ጎረስሽልኝ። ጉንጭሽ ተወጥሮ፣ ወጡ በአገጭሽ እየወረደ። ሠርገኛው ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው በረደ።

የላም ወተት ግን ሆዴ እምቢ አለው። ነፋኝ፣ ቆረጠኝ። እህሉም በቂ አልሆነኝም፣ እየመነመንኩ ሄድኩ። አንድ ጠዋት ሌላ ወተት አመጣሽልኝ። ገባና ሆዴ ውስጥ ዝም አለ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሆዴ ዝም ያለው ያን ቀን ነው።

«ያ የከተማ ላም ነበር፤ ይሄ የገጠር ነው» አልሽኝ።

«ጨው ጨው ይላል» አልኩሽ።

«የገጠር ላም አፈር ትልስ የለ?»

«ደግሞ ቀጥኗል።»

«ሐኪሙ አቅጥኚለት ብሎኛል። ጠጣና ኩባያውን ስጠኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ፊትሽ ቅንጣት አልተለወጠም። ከእኔ ጋር እየኖርሽ መዋሸትን ከየት እንደተማርሽ እስካሁን አልገባኝም። በጾም ቀን እንኳ አላቆምሽም፤ ንስሐ አባታችን ለሕመምተኛ ወተት ፈቅደዋል አልሽኝ። መፍቀዳቸውስ እውነት ነው። ወራት ጠጣሁ። ጉንጬ ተመለሰ። በእግሬ እስከ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ከኋላ ታዪኝ ነበር፤ ዞሬ ባላይም አውቀዋለሁ።

ከዚያ አንቺ ሞትሽ። ለእኔ የተጠገነው ድንኳን ለአንቺ ተተከለ። ብርድ መታኝ ብለሽ ተኛሽ፣ ሳንባዋን ነው አሉ፣ ሳምንት ሳይሞላሽ ሄድሽ። በዚህም ተቆጥቻለሁ፤ ግን የእግዚአብሔር ሥራ ስለሆነ አልጽፈውም።

በሠልስትሽ ዕለት ሐዎ ወተቷን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰችልሽ፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«አዴር፣ አስካለ ከሞተች ወተት አልጠጣህም። ግመሏ ምን አደረገችህ? አስካለ አደራ ብላኛለች፣ ጠጣ።»

«የምን ግመል?» አልኳት።

«የእኔ ግመል ነቻ! ዋላሂ፣ ውኃ ጠብ አላደረግሁበትም። አስካለ ራሷ በየጠዋቱ እየቀመሰች ነው የምትወስደው።»

አንዷ ሴት «በስመ አብ!» አለች። ንስሐ አባታችን ዝንብ የሚያባርሩበት ጭራ አየር ላይ ቀረ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ጋቢው ውስጥ ገብቶ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ በለቅሶሽ ላይ ያለቀሰችልሽን ሴት ውጪልኝ ብዬ አባረርኩ። ይህንንም ያስደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሉካንዳ ደረሰ። የጦር ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ፣ ያ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ግንዱ ላይ ክርኑን አስደግፎ «ጋሽ ገብሬ፣ የዛሬው የበሬ ነው የግመል?» አለኝ። የመዘንኩለትን ሥጋ ከሚዛኑ አንሥቼ ሜንጦው ላይ መልሼ ሰቀልኩት። «ግመል ተራ ሂድና ጠይቅ» አልኩት። ባዶ እጁን ወጣ። ሌላው ደግሞ «ሥጋ ቀምሰህ የበሬና የላም የምትለይ ሰው፣ ወተቱን እንዴት ሳትለየው ቀረህ?» ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጥም። ለአንቺም አልሰጥም።

ወተቱን ተውኩት። በአጥሚትና በምስር ውኃ እኖራለሁ አልኩ። ወስፌዋ እንደገና ወጣች፣ ቀበቶው እንደገና ተበሳ። አንድ ቀን ሥጋ ስቆርጥ ዓይኔ ጨለመብኝና ከግንዱ ሥር ተዘረርኩ። ሰዎች ደግፈው ሲያነሡኝ ሐዎ ከማዶ ቆማ ታየኛለች። አልቀረበችም። ብትቀርብም አልቀበላትም ነበር። በነውር ከመኖር በሥርዓት መሞት ይሻላል ብዬ ቆርጬ ነበር፤ እኔ ከቆረጥኩ እንደማልመለስ ታውቂያለሽ።

ለመሞት መዘጋጀት ነውና ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ቀኖና ይስጡኝ አልኳቸው።

«ሳታውቅ የጠጣኸው ነው ገብረማርያም። ባንተ ላይ ኃጢአት የለም» አሉኝ።

«ወተት የፈቀዱልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ወተት አልኩ እንጂ ግመል አልኩ?»

«እና ኃጢአቱ የማን ነው?»

ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አሉ። መልሱን ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ ካልነገሩኝ ግን እንደማልነሣ አውቀዋል። «እያወቀች ያደረገችው እሷ ናት» አሉ በመጨረሻ።

«ሞታለችኮ አባ!»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበላት እንላለን። ሌላ ምን እናደርጋለን?»

እዚያ ላይ ነው የነደድኩት፣ አስካለ። እስከዚያ ድረስ የተናደድኩት ንዴት ሁሉ የሕፃን ኩርፊያ ነበር። አንቺ አፈር ውስጥ ተኝተሻል፤ መስገድ አትችዪ፣ መጾም አትችዪ፣ ልታስረጂ አትችዪ። ኃጢአቱን አንቺ ተሸከሚ፣ የጠጣሁትና የዳንሁት እኔ ንጹሕ ሆኜ ልሂድ! የወረደው በማን ጉሮሮ ነው? ያዳነው የማንን ሆድ ነው? ይህ ፍርድ ነው? በጋዜጣ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ መጽሐፍ አላውቅም፤ ይህ ፍርድ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ደህና ይዋሉ ሳልላቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ገበያው ሞልቷል። ሽርጤን እንዳገለደምኩ፣ ደንበኞቼን ግንዱ ፊት አቁሜ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ይሄ የምን ወተት ነው?» አልኳት ሐዎን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ታውቃለህ አዴር።»

«አውቃለሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

«የግመል።»

«ስጪኝ።»

ኩባያውን ሞልታ ቀዳችልኝ። ሃምሳ አለቃው እዚያው ነበር፤ የወርቅ ጥርሱ እስኪታይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቆሜ ጠጣሁት። ጥቂት ጥቂት፣ እንዳስተማርሽኝ። ጨው ጨው ይላል፣ ጢስ ጢስ ይላል። ያው ነው። «አስካለ ይሄን ብታይ…» አለችና ሐዎ ፊቷን አዞረች። ኩባያዋን መለስኩላት። «ነገም አስቀምጪልኝ» አልኳት።

ከዚያው ንስሐ አባታችን ዘንድ ተመለስኩ። «አሁን አውቄ ጠጥቻለሁ። ነገም አውቄ እጠጣለሁ። ካለፈው ጋር አንድ ላይ አድርገው፣ የሷንም የእኔንም በእኔ ላይ ያድርጉት» አልኳቸው። «አንተን የፈጠረ እሱ ይቻልህ» አሉና ስግደት ሰጡኝ። ጠባሳዬ እየተወጠረ ጠዋት ጠዋት እሰግዳለሁ። በሠርጉ ቀን የእኔን ጉርሻ አንቺ ጎረስሽልኝ፤ ይህንን ደግሞ እኔ ጎረስኩት።

ሐዎ አሁን በበረንዳዬ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትሸጣለች። ራቂ የሚላት የለም። ከዚህ የተነሣ ገብሬ ተለወጠ የሚል ካለ ይሳሳታል፤ ቢላዬን ዛሬም አላዋስም፣ ግንዴን አላስነካም፣ ከመንገዱ ማዶና ወዲህ ያለው ወሰን እንዳለ ነው። የምበላው በዚያው በሲኒ ማስቀመጫ ነው። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሷል።

ሙት ዓመትሽን በሥርዓቱ አወጣለሁ። በቁሜ እስካለሁ ስምሽ ከቅዳሴ አይጎድልም። የጓሮውን ቃሪያ እንደገና ተክያለሁ፤ ውኃውን በልኩ ነው የማጠጣው። በር ላይ ቆመሽ ከኋላ ታዪኝ የነበረውንም አልረሳም፤ ወደ ገበያ ስሄድ አሁንም ዞሬ አላይም።

ይቅር አልኩሽ አልልም። ይቅር የሚባለው በደል ያለበት ነው፤ አንቺ ላይ አሁን ምንም የለም፣ ወስጄዋለሁ። ስለ ወተቱ ከዚህ ወረቀት በኋላ ለሰውም፣ ለካህንም፣ ስንገናኝ ለአንቺም አንድ ቃል አልናገርም። አንቺም እንዳታነሺብኝ።

ገብረማርያም