በካላንደሩ ላይ የቀረችው እጅ

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት፣
የወረዳችን የሕዝብ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ካላንደርዎ ሰማይ የጠራ፣ ደጅዎም እንደ ካላንደርዎ ሣር የለመለመ ይሁን እያልሁ፣ በ2003 ዓ.ም. ካላንደር ላይ ስላወጡልን የምንጭ ምረቃ ፎቶግራፍ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰማዩ እናመሰግናለን። ምረቃው በሐምሌ ዝናብ እንደነበረ ጫማዎ ይመሰክራል፤ በኮምፒውተር ግን ደመናው ተገፎ ጭቃውም ሣር ሆኗል። የእኔም የፊት መጨማደድ ስለጠፋልኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ምንጩን የገነባው ገዳሙ የተባለው ግንበኛ ነው። ሪባኑን ሊቆርጡ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሲወጡ አዳልጦዎት፣ ከጎንዎ ዘሎ ትከሻዎን ይዞ ያቆመዎትም እሱ ነው። ፎቶግራፉ የተነሣው በዚያችው ቅጽበት ነበር። ኮቱ የተቀደደ ስለሆነ፣ ተደግፎ የቆመ ኃላፊም ለካላንደር ስለማያምር፣ ባለሙያዎ ገዳሙን ከምስሉ ማውጣቱ ይገባናል። በጥድፊያ ግን አንዲት እጅ ረሳ። እርስዎ ወደ ጎን አዘንብለው ፈገግ ብለዋል፤ ትከሻዎ ላይ ክንድ የሌላት እጅ አርፋለች።

ሦስተኛ፣ ካላንደሩ ሳይታደል፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ገዳሙ ለግንብ ድንጋይ ሲፈነቅል ገደሉ ተንዶበት ሞተ። በሕይወቱ ሌላ ፎቶግራፍ አልተነሣም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እጁን በመዶሻ ከተሰነጠቀው የአውራ ጣቱ ጥፍር አወቋት። ቢሮዎ ድረስ በእግራቸው መጥተው ዋናውን ፎቶግራፍ ቢለምኑ፣ የተስተካከለው በዋናው ላይ «ሴቭ» ስለተደረገ የለም ተባሉ። «እጁን ሰጥታችሁኝ ፊቱን ለማን አስቀራችሁት?» ብለው ተመለሱ።

ካላንደሩ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። የወራቱ ቅጠል እየተቀደደ ሊያልቅ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን አልወረደም። ከሥሩ የሚቀመጥ እንግዳ የለም። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ጥፍሩን በጣታቸው ይዳብሱታል፤ ቀለሙ ከዚያ ላይ መልቀቅ ጀምሯል።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ በዚያ ቀን ከገዳሙ አጠገብ ቆሜ ነበር። ካላንደሩን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሣ፣ አሁን አሁን ያንን ቀን ሳስብ እሱ በቆመበት ቦታ የሚታየኝ ሣር ነው። የባለሙያዎ ሥራ ወረቀቱን አልፎ እኛ ዘንድም ደርሷል።

ስለዚህ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ የካሜራዎ ሜሞሪ ካርድ እንደገና እንዲፈተሽ እለምናለሁ። የተቀደደ ኮቱም፣ ጭቃውም ይምጣ፤ እናቱ አይጠየፉትም።

በምረቃው ዕለት ያጨበጨበልዎ፣ በእርስዎ ቸርነትም ዐሥር ዓመት የታደሰው፣
ታዲዮስ አስማማው
ነሐሴ 2003 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ይህን አንብቦ የቀረችውንም እጅ ሊያጠፋት ቢነሣ፣ እርስዎን በምን እንደሚያቆም አስቀድሞ ያስብበት።