የውሃ አባት ሁኚ አሉኝ

እታለም፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። አንቺን ከሸኘንሽ ወዲህ ሽንኩርት ሁለት ጊዜ ነቅለናል፤ ሦስተኛውን ተክለናል። የተከልሽው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። አገራችን ሮቢትም እንደ ድሮው ሙቀቷን አልቀነሰችም። እኔ ግን ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሎኛል። እቀመጥና እነሳለሁ፤ ተነስቼ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል።

ጋሽ ሰይድ ጉልበታቸው ደከመና የውሃ አባትነቱን በቃኝ አሉ። ከወንዙ የምንጠልፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚለቁት እሳቸው እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ባል የሌላት ሴት ተራዋ ከሁሉ በኋላ ነው፤ የቦዩ ውሃ ሲሳሳ። ዘንድሮ የጎረቤታችን የዘሀራ ሽንኩርት እንዳለ ደረቀ። ሴቶቹ ተመካከሩና ለጋሽ ሰይድ የኔን ስም ሰጡ፤ እሳቸውም ተስማሙ። አርብ ከጁምአ በኋላ ውሃ መጥለፊያው ጋ ሁሉም ይሰበሰባል። እዚያ ሴት ከኋላ ቆማ ሐሳቧን በወንድሟ አፍ ነው የምታስነግረው። የኔ አፍ ደግሞ ወንድማችን ይማም ነው።

ሲሰማ ሳቁን ለቀቀው። «ዶሮ እንኳ እሽ ብለሽ የማታባርሪ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ወንድ ከቦይ ላይ ልትመልሺ?»

መኮትኮቻዬን ይዤ ወደ ማሳው ሄድኩ። ድሮም ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ። እንቢ ብል ዘሀራ ሌላ ዓመት ትከስራለች፤ እሺ ብል ድምፄ ከየት ይመጣል?

ከውጭ አገር ለእረፍት ስትመጪ ማሳው ዳር ቆመሽ ስለ ሴቶች መብት የምታደርጊውን ንግግር ታነቢልኝ ነበር፤ እኔ እኮተኩታለሁ። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ነውና ብዙው ቃል አይገባኝም። ስጠይቅሽ ግን አንድ ቀን አልሳቅሽብኝም። ያን ሁሉ አገር ዞረሽ፣ ከስንት ሹም ጋር ተከራክረሽ፣ እዚህ ስትደርሺ ጫማሽን አውልቀሽ ጭቃው ውስጥ ትገቢ ነበር።

ሰሞኑን የሚመላለስብኝ ያ ያጫወትሽኝ ነገር ነው። አምባሳደር ሆነሽ መጀመሪያ የገባሽበት ስብሰባ ላይ አስተናጋጁ ጸሐፊ መስለሽው «አምባሳደሩ መቼ ይደርሳሉ?» አለሽ። አንቺም ወንበሩን ስበሽ ተቀመጥሽና «ደርሰዋል፤ እንዲያውም ውሃ ጠምቷቸዋል» አልሽው። እኛ በሳቅ ስንሞት አንቺ ግን ቀስ ብለሽ፣ «ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የተቀመጥኩትም ለዚያ ነው» አልሽኝ። ያኔ አላመንኩሽም ነበር። አሁን አመንኩሽ።

አርብ ቀድሜያቸው እሄዳለሁ። ከኋላ አልቆምም፤ ጋሽ ሰይድ የሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ምን እንደምናገር እስካሁን አላውቅም። ይማም ሊያሾፍ «የውሃ አባቱ የታሉ?» ማለቱ አይቀርም። «ደርሰዋል» እለዋለሁ።

እታለም፣ ውሃው ወደ ዘሀራ ማሳ በገባ ቁጥር ቦዩ ዳር ቆሜ ስምሽን እየጠራሁ ዱአ አደርግልሻለሁ።

እህትሽ ፋጡማ