ኔትወርካችንን የሚያውከው ማነው?

ጥቅምት 6

ከቡራዩ ተነስቼ ሥራ ቦታዬ ዓለም ገና ስደርስ ግማሽ ቀን የሠራሁ ያህል ደክሞኛል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መብራት ሄደ። ተመለሰ። ከዚያማ የተለመደው… የስቶክ ፕሮግራሙ አይከፈትም፣ ሳሙና ሊጭን የመጣ መኪና በር ላይ ቆሟል፣ የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ነኝና ከየቢሮው “መቅዲ! መቅዲ!” ይባላል። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ደጊቱ “ስም ያወጡልሽ ለጥሪ ብቻ ነው እንዴ?” አለችኝ። ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ሌንጮ ብቅ አሉ። “እኔ ቢሮ እኮ ይሠራል! ታዲያ ችግሩ ማን ጋ ነው?” ደግሞ በግላቸው የሚገዙት የኢንተርኔት ፓኬጅ በአንድ ቀን እያለቀ አናደዳቸው። እኔን እያዩ! የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር ያበቃል። ከአዲስ አበባ ኔትወርክ የሚጠግን ድርጅት ሊያስመጡ ነው አሉ። እኔስ?

ጥቅምት 7

ዛሬም እንደዚያው። ሁሉም “መብራት ነው” ይላል። መብራቱ ከመጣ በኋላስ ምን ሆኖ ነው የማይሠራው?

ጥቅምት 9

ዋየርሻርክ የሚባለውን አውርጄ ጫንኩ። በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ፕሮግራም… ከእኔ የባሰ ወሬኛ። የፋይናንሱ ጋሼ ገብረየስ በትከሻዬ በኩል አጮለቁ። “በስንት ተገዛ?” በነፃ ነው አልኳቸው። “ነፃ? ቢረባ ኖሮ ይሸጡት ነበር! ሰበታ ውድ ውዱን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ ክራክ የሚያደርግ የማውቀው ልጅ አለ። በፍላሽ ላምጣልሽ?”

ተዉኝ ጋሼ፣ ባለፈው በዚያ ፍላሽ የገባው ቫይረስ መች ወጣና!

ጥቅምት 10

በሕይወቴ መብራት እንዲጠፋ ተመኝቼ አላውቅም። ዛሬ ተመኘሁ። ጠፋ!

ሲመለስ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለው የቢሮው ራውተር ሲነሳ ቀርፋፋ ነው። እሱ እስኪነቃ ሌላ ራውተር ቀድሞ የራሱን አድራሻ ያድላል። በዚያ አድራሻ ደግሞ የስቶክ ፕሮግራሙ አይገኝም። ተገኘ! ግን የማን ነው? ኤንማፕ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም፣ እሱም ነፃ፣ የአምራቹን ስም አወጣልኝ። ሲም ካርድ የሚገባባት፣ ሰው ቤቱ የሚያስቀምጣት ዓይነት። ስልኬ ላይ የዋይፋይ ጉልበት የሚያሳይ አፕ ከፍቼ ኮሪደሩን ዞርኩ። መጋዘን፣ ደካማ። ፋይናንስ፣ ጠንከር አለ። እየጠነከረ፣ እየጠነከረ… ቀና ስል የኦቦ ሌንጮ በር።

ወይ ጉዴ።

ጥቅምት 11

ደጊቱን ለብቻዋ ያዝኳት። “አዎ፣ የሰካሁት እኔ ነኝ። ከቤታቸው አምጥተው ‘ከቢሮው ኬብል ጋር አያይዢው፣ ሁለት በሬ ከአንድ ይሻላል’ አሉኝ።” ለካ ሠራተኛው ሁሉ ሳያውቀው የእሳቸውን ፓኬጅ ነው ሲጨርስ የከረመው! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ደጊቱ ፊቷ ተለወጠ። “እንዳትናገሪ። ሙከራ ላይ ነሽ። ንቀይውና ‘መብራት ነበር’ በይ።”

ማለት እችላለሁ። መልሰው ቢሰኩትስ? የአዲስ አበባዎቹ መጥተው ቢያገኙትስ… እኔ ምን ሆኜ ልቀር ነው?

ጥቅምት 14

ስብሰባ። ኦቦ ሌንጮ “ችግሩ መብራቱ ነው ወይስ ባለሙያዋ?” አሉ።

“መብራት አይደለም። እኔም አይደለሁም” አልኩ። “ከቤት የመጣ ራውተር ከቢሮው ኬብል ጋር ተሰክቷል። ከቤቱ ያመጣ ሰው ነገ ይስጠኝ። ስም አልጠራም።”

ወለሉን አየሁ። ደጊቱ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኦቦ ሌንጮ “ሰምታችኋል” ብለው ወጡ። ተቆጥተው ነው? ገብቷቸው ነው? ምነው አፌን በያዝኩት።

ጥቅምት 15

መጀመሪያ የመጡት ጋሼ ገብረየስ! በጋዜጣ የተጠቀለለ ራውተር ይዘው። “ገና አልሰካሁትም መቅዲዬ። ኦቦ ሌንጮ ጋ ኢንተርኔቱ ሲፈጥን አይቼ እኮ ነው…”

“ማን ጋ?”

“ምንም አላልኩም!”

የመጋዘኑ ኃላፊም አንድ አመጣ። ሊሰካ ሲያደባ የከረመው ስንቱ ነው?

ከምሳ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ሌንጮ ራሳቸው። ከኮታቸው ሥር ጥቁር ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

“የጎረቤት ነው” አሉ።

“ገብቶኛል ኦቦ።”

“ያ በነፃ ያመጣሽው ፕሮግራም… የማን እንደሆነ ያሳያል?”

“ያሳያል ኦቦ።”

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አዲስ አበባዎቹን ‘አትምጡ’ ብያቸዋለሁ። አንቺ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ቋሚ ነሽ።” በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቡራዩ ቤቷ ላስጠጋችኝ እህቴ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልል “ተባረርሽ?” አለችኝ።

“አይ… ቤት ልፈልግ ነው። እዚሁ ዓለም ገና።”