የሠርጎቻችን ገጣሚ ወይዘሮ አለምዘውድ ሀብተማርያም

የካምፓላ ሐበሾች መረዳጃ ዕድር የአባሉን የወይዘሮ አለምዘውድ ሀብተማርያምን ሞት ለአባላቱና ለወዳጆቻቸው ሁሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ወይዘሮ አለምዘውድ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ፖርት ቤል በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ብዙዎቻችሁ በስም አታውቋቸው ይሆናል፤ በዚህ ከተማ ዳስ ጥሎ ልጅ የዳረ ሁሉ ግን ዘፈናቸውን ዘፍኗል። ዛሬ ስማቸውን የምንጠራው በቤተሰባቸው ፈቃድ ነው።

ወይዘሮ አለምዘውድ ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ የመጡት በ1996 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው አቶ ሰይፈ በኪኩቦ ገበያ ሲነግዱ፣ እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው የሠርግ ዘፈን ይደርሱ ነበር። ሚዜዎች ሲመጡላቸው ሙሽራዋን ምን እንደሚያስቃትና ምን እንደሚያስኮርፋት ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ስልክ አስዘግተው በቃል ያስጠናሉ። አስቀድመው የሚሰጡት የተቀባዮችን ክፍል ነው። የአውጪዋን ግጥም እስከ ሠርጉ ዋዜማ ሲያቃኑት ስለሚቆዩ ለማንም አያሰሙም። ለዚህ ሁሉ የሚጠይቁት ስማቸው እንዳይነሳ ብቻ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ኦልድ ካምፓላ በተደረገ ሠርግ ላይ ሁለት የዕድራችን ሽማግሌዎች በአንዱ ዘፈናቸው ተከራክረዋል። አንደኛው የጎንደር ጥንታዊ ዜማ ነው ሲሉ፣ ሌላኛው አያታቸው አከለጉዛይ ሲዘፍኑት መስማታቸውን ምለው አረጋገጡ። ዘፈኑ በዚያው ወር የተደረሰ ነበር። ወይዘሮ አለምዘውድ ለሁለቱም ወጥ እየጨመሩ አዳመጡ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መሰባሰብን ባስከለከለ ጊዜ፣ ጥቂት ሰዎች ቤት ዘግተው ለሚደግሱት ሠርግ ጎረቤት የማይሰማው ለስላሳ ዘፈን ደርሰዋል። ዛሬ እናቶች ልጅ ያስተኙበታል።

በ2014 ዓ.ም. ከናይሮቢ የመጣ የሙዚቃ አሳታሚ ሥራቸውን በስማቸው ላውጣ ሲላቸው፣ ዕድሩም እንዲቀበሉ ለምኗቸው ነበር። «ስሜን ካወቃችሁ እኔን ልታዩ ትመጣላችሁ፤ ሙሽራዋን ማን ያያል?» አሉ። ጸጥ ያለ ኑሯቸውን ይወዱት ነበርና ዳግመኛ አልጠየቅናቸውም።

የመጨረሻ ሥራቸው ለአንድ ልጃቸው ለነጻነት ሠርግ የደረሱት ዘፈን ነው። ነጻነት በመጪው ግንቦት ትዳራለች። ሚዜዎቿ የተቀባዮቹን ክፍል ተምረዋል። የአውጪዋን ግጥም ግን እንደ ልማዳቸው ለዋዜማው አቆይተውት ነበር። አቶ ሰይፈ ሕመሙ ሲጠና ግጥሙን እንዲነግሯቸው ቢለምኗቸው፣ ገና አልተቃናም ብለው እምቢ አሉ። ሠርጉ በእሳቸው ምክንያት እንዳይራዘም ግን አደራ ብለዋል።

ከወዲሁ ናፍቀናቸዋል። ከሁሉ በላይ የናፈቀን ድምፃቸው ነው፤ የቀረጸው ባለመኖሩ የምንጽናናበት እንኳ አላገኘንም።

ለጎደለው ግጥም ሌላ ገጣሚ ይፈለግ የሚል ሐሳብ ለሥራ አመራሩ ቀርቦ ነበር፤ ነጻነት አልፈለገችም፤ እኛም አልፈቀድንም። ለአቶ ሰይፈ፣ ለነጻነትና ለዘመዶቻቸው በሙሉ አምላክ መጽናናቱን እንዲሰጥልን እንለምናለን። አባላት ሁሉ በሠርጉ ዕለት እንዲገኙ አደራ እንላለን። ተቀባዮቹ ድርሻቸውን ይዘፍናሉ። አውጪዋ በምትገባበት ቦታ ማንም አይገባም፤ ሁላችንም እያጨበጨብን እንጠብቃታለን።