ለወይዘሮዋ የታዘዘላት ረጅም መንገድ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ እህቴ ጮክ ብላ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ ትንሽ ቃል፦ እህት ዓለም፣ አንዲት መስመር እንዳትዘይብኝ። ሳቅ ከመጣብሽም ስቀሽ ጨርሺና ቀጥይ። አባዬ፣ ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቁልፉ ልጀምር። ሠላሳ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድተህ ጡረታ ስትወጣ ከሰው እጅ የገዛሃት ያቺ ጥቁር ናፍጣ መኪና በዘመኗ የባለጸጋ ነበረች። ወንበሯ ቆዳ፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ የለው። «ወይዘሮ» ያልካትም ለዚሁ ነው። ዓይንህ ደክሞ ወደ እህቴ ቤት ስትሄድ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠህ «አደራ» አልከኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመርክም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችንም ቃል ቆጣቢዎች ሆነን ነበር።

አንተ እንደሄድክ የሠፈሩ ሰው ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። ጎረቤቴ አናጢው «የሀብታም መኪና በደሞዝተኛ እጅ ከገባች ቤት ታሸጣለች» አለኝ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት ደግሞ «በእሷ የዘይት ወጪ እኔ ጎማ እቀይርበታለሁ» አለች። እኔም ፈራሁ። ከቤት እስከ መድኃኒት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እስከ ዳቦ ቤት ብቻ፣ እንደ እንቁላል ይዤ እነዳት ጀመር። ስትቆም አንሶላ አለብሳት ነበር፤ አትሳቅብኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ሰኞ ጠዋት መሪዋ ፊት ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በራና አቅም አጣች። ዳገቱ ላይ ብስክሌት ቀደመን። ብስክሌተኛው ደግሞ የልብ መድኃኒት የምሰጣቸው ደንበኛዬ ናቸው፤ እጃቸውን አውለብልበውልኝ አለፉ።

አሁን የከበደኝ ጋ ደረስኩ። በዚያው ቀን ደላላ ጠራሁ። ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና «መብራቷን አጥፍተሽ አምጪልኝ፣ ቅዳሜ ገዢ አለኝ» አለ። እኔም እሺ አልኩት። ስለዚህ ወይዘሮን ወዳጅህ መካኒኩ ዘንድ የወሰድኳት ላድናት ብዬ አልነበረም፤ ልሸጣት ነበር። አደራህን ልበላ ነበር፣ አባዬ።

ሰው ሁሉ «ጆሮው» የሚለው ወዳጅህ እንደ ልማዱ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣት። ከዚያ መመርመሪያ መሣሪያውን ሰካ።

«በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?»

«ሁለት ሄዳ ሁለት ትመለሳለች። እንዳትጎዳ ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እንዳትጎዳ!» አለና ግንባሩን መታ። «አንቺ ልጅ፣ ናፍጣ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ጥቀርሻው ጭስ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል፤ የሚቃጠለው ረጅም መንገድ ስትሄድ ነው። በስስት ልትገድያት ነበር!»

የአዲስ ማጣሪያ ዋጋ ጠየቅሁት። ሲነግረኝ የምቀመጥበት ፈለግሁ። «የፊታችን ቅዳሜ ገዢ አላት፣ መብራቱ ብቻ ይጥፋልኝ» ስለው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ ውስጥ ገብቶ ስልክ ሲያወራ ቆየና ቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፎ አመጣልኝ፦ «በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፤ በአንድ ፍጥነት፤ ሳይቋረጥ።»

«ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ወዴት ልሂድ?»

«እኔ መካኒክ ነኝ፣ አስጎብኚ አይደለሁም» አለ። ደግሞም እንደ ዘበት «ለመሆኑ አባትሽ ያሉበት ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልክ ሁለት መቶ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ መንገድ ጀመርኩ፤ መብራቱ አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠፋ። መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ቀን ሙሉ ማዘዣ የማነብ ሰው ማዘዣ አያጎድልምና ቀጠልኩ። የግቢው በር ጋ ሳልደርስ አንተ ከበረንዳው ተነስተህ፣ ግድግዳውን በእጅህ እየዳበስክ «ወይዘሮ መጣች! ወይዘሮ መጣች!» ትል ነበር። «ናፍቀኸኝ መጣሁ» አልኩህ። ውሸቴን ነበር፤ የመጣሁት ጥቀርሻ ላቃጥል ነው። አንተም ፈገግ ብለህ «እንዴታ!» አልክ።

ያን ቅዳሜ ደላላው ሲደውል «መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላም በደወለ ቁጥር መንገድ ላይ ነበርኩ። ሰልችቶት ተወኝ። የቤት መሸጡ ነገርም የውሸት ፍርሃት ሆነ። አንተ ዘንድ ደርሼ ስመለስ እንኳ የናፍጣ ጋኗ ከግማሽ በታች አይወርድም። የጠየቀችኝ ትልቅ ወጪ አንድ የናፍጣ መርጫ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጎኔ ተቀምጠህ ዓይንህን ጨፍነህ «ሦስተኛው መርጫ ታሟል፣ ሳይብስ አስቀይሪው» ብለህ የደረስክበት አንተ ነህ። ጆሮው ፈትቶ ሲያየው እውነትህን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮው የሚለውን ስም ላንተ ለቆልሃል።

በአራተኛው ጉዞ ይመስለኛል፣ ከከተማው ወጣ ብለን ስንንሸራሸር የተቀመጥክበትን ወንበር እየዳሰስክ «እናትሽ እዚህ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እንዳትነቃብኝ ቤታችንን አልፌ እነዳ ነበር» አልከኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ሳናነሳ ኖረን፣ ያን ቀን እስኪመሽ ስለ እሷ አወራን። እኔም በመጨረሻ በአፌ ያልወጣውን እዚህ ልጻፈው፤ እናቴ ብቻ ሳትሆን አንተም ናፍቀኸኝ ነበር፣ እዚሁ ቤት ውስጥ አብረን እያለን።

ባለፈው ሳምንት ዓመታዊ ምርመራዋ ደረሰና ወሰድኳት። መርማሪዋ ሴት መሣሪያዋን አይታ «ይቺ መኪና ማራቶን ትሮጣለች እንዴ?» አለችኝ። ኩራት ኩራት እያለኝ ካርቶኑን አሳየኋት። አነበበችና «ማነው ያዘዘው? በወር አንዴ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ከከተማ ወጣ ብትል በቂዋ ነው!» ብላ ሳቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ካርቶን ይዤ ስድስት ወር ተመላልሻለሁ!

በቀጥታ ወደ ጆሮው ሄድኩ። መኪና ሥር ገብቶ እግሮቹ ብቻ ይታዩ ነበር።

«ጋሼ፣ በወር ሃያ ደቂቃ ይበቃታል አሉኝ!»

እግሮቹ ቀስ በቀስ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ለካ ይስቃል።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አለ ከመኪናው ሥር ሆኖ። «ሐኪሙ አባትሽ ናቸው። ደውዬ ‹አርባ ኪሎ ሜትር ይበቃታል› ብላቸው፣ ‹አርባው ለመኪናዋ፣ መቶ ስልሳው ለእኔ ይሁንና ሁለት መቶ ብለህ ጻፍ› አሉኝ።»

«ልሸጣት እንደነበረስ ነገሯቸው?»

እግሮቹ መሳቅ አቆሙ። «ነገርኳቸው። ‹መኪናማ ይሸጣል፤ ብቻ ልጄ ትምጣልኝ› አሉ።»

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ለአንድ አፍታ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጠረግሁ። እኔ ናፍቀኸኝ መጣሁ ብዬ ስዋሽ አንተ እያወቅህ «እንዴታ!» ትለኝ ነበር። ውሸቴ በስንተኛው ቅዳሜ እውነት እንደሆነ እንጃ፤ አንተ ግን ከእኔ ቀድመህ ያወቅህ ይመስለኛል።

እነሆ ወይዘሮ ድናለች፤ ማዘዣው ተሽሯል። እኔ ግን ለደንበኞቼ ሁሉ መድኃኒት ስሰጥ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር አለ፦ «ተሻለኝ ብላችሁ እንዳታቋርጡ»። ደብዳቤውን በድሮ ባልደረባህ አውቶቡስ ልኬዋለሁ፣ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ቅዳሜ በረንዳው ላይ ጠብቀኝ።

መድኃኒቷን የማታቋርጠው
ትልቋ ልጅህ